ጉልበቱ ለተጨመረ የመንገድ መኪና ፍሪሲዮን እንዴት ይመረጣል?

መኪናው የ2015 ሞዴል ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ፣ ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ነው እንበል። ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 350 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይሰጣል፤ ባለቤቱ ሌላ ዕቃ ሳይነካ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ቢያስቀይር ደግሞ ቶርኩ በቀላሉ ከ400 ኒውተን ሜትር በላይ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪናው አዲስ ነፍስ የዘራ ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ እየሄደ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ላይ ሳለ ነዳጁን እስከ ወለሉ ሲረግጠው፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ሽቅብ ይወረወራል፤ የፍጥነቱ ቀስት ግን አይከተለውም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ይመጣል። ፍሪሲዮኑ ሞተሩ የሚልክበትን ጉልበት መያዝ አቅቶት ተንሸራቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሻጩን የሚጠይቀው «ያለህን ጠንካራውን ስጠኝ» ብሎ ነው። እኔ የምመክረው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። በየቀኑ ለሥራ፣ ለገበያና ለትምህርት ቤት ለሚነዳ መኪና የሚበጀው፣ የሞተሩን ቶርክ በመጠነኛ ትርፍ መያዝ ከሚችሉት ፍሪሲዮኖች መካከል ከሁሉም የለሰለሰው ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ጥንካሬ ሁሉ ዋጋው ከገንዘብ በተጨማሪ በግራ እግርዎ ጉልበት፣ በካምቢዮው ጥርሶች ወይም በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር በሚዞረውና ሸራው በሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ዕድሜ ይከፈላል። ይህ መመሪያም የእሽቅድምድም መኪናን ሳይሆን ጉልበቱ ተጨምሮለት በመንገድ ላይ የሚኖረውን መኪና ይመለከታል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

ፍሪሲዮን ተንሸራተተ ማለት ሁልጊዜ አቅሙ አነሰ ማለት አይደለም። ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) በስተኋላ ያለው የዘይት ጎሚኒ አርጅቶ ዘይት ካሳለፈ፣ ዘይቱ ሸራውን ነክቶ የትኛውንም ዓይነት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል፤ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ አዲስ ዕቃ በዚያው ዘይት ላይ ቢገጠም ውጤቱ ያው ነው። የፔዳሉ ዘይት መስመር ላይ ችግር ካለ ደግሞ ፔዳሉ ሳይረገጥም በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይቀርና ፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን ከፍላይዊሉ ጋር የሚያጣብቀው በሞላ የሚሠራ ብረት) ሸራውን ሙሉ በሙሉ አይጫነውም። ስለዚህ ካምቢዮው ሲወርድ የመጀመሪያው ሥራ በባትሪ መብራት ውስጡን መመርመር ነው። ደረቅ ጥቁር ዱቄት ብቻ ከታየ ሸራው በሥራው አልቋል ወይም ተቃጥሏል፤ ዱቄቱ ከዘይት ጋር ተለውሶ ከተገኘ ግን መጀመሪያ መጠገን ያለበት ጎሚኒው ነው።

የመንሸራተት ሙከራውን ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከመኪናና ከእግረኛ ነጻ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ከሚፈቀደው ፍጥነት ሳይወጣ፣ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ሁለቱ ቀስቶች አብረው መውጣታቸውን ይመልከት። ይህን ደጋግሞ ማድረግ አይገባም፤ እያንዳንዱ መንሸራተት ሸራውንም ፍላይዊሉንም ያቃጥላል።

ፍሪሲዮን ቶርክ የሚይዘው እንዴት ነው?

ይህን ክፍል መዝለል የሚፈልግ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሻጮችን ወሬ ከእውነታው ለመለየት የሚያስችለው ይኸው አጭር ስሌት ነው። ፍሪሲዮን የሚይዘው ቶርክ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፤ እነሱም ፕሬሸር ፕሌቱ ሸራውን የሚጫንበት ኃይል፣ የሸራው የሰበቃ ቁጥር (ሸራው ሲፋተግ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያሳየው)፣ ሸራው ከመሐል ያለው አማካይ ርቀት፣ እና እርስ በርስ የሚፋተጉት ገጾች ብዛት ናቸው።

ለምሳሌ ያህል ክብ ቁጥሮችን እንውሰድ። የሸራው የውጭ ዲያሜትር 240 ሚሊሜትር፣ የውስጡ 160 ሚሊሜትር ቢሆን አማካይ ርቀቱ ከመሐል 100 ሚሊሜትር ወይም 0.1 ሜትር ይሆናል። የሰበቃ ቁጥሩ 0.3፣ የፕሬሸር ፕሌቱ ጫና ደግሞ 6,000 ኒውተን ይሁን፤ ይህም 600 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር ሸራው ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ሸራው በአንድ በኩል ከፍላይዊሉ፣ በሌላው በኩል ከፕሬሸር ፕሌቱ ጋር ስለሚፋተግ ገጾቹ ሁለት ናቸው። አራቱ ሲባዙ 360 ኒውተን ሜትር ይሰጣሉ።

አሁን ይህን ወደ 480 ኒውተን ሜትር ማሳደግ ፈለግን እንበል። የመጀመሪያው መንገድ ጫናውን ከ6,000 ወደ 8,000 ኒውተን መጨመር ነው። ሌላው ነገር ካልተቀየረ ፔዳሉም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይከብዳል። ሁለተኛው መንገድ ጫናውን ሳይነኩ የሰበቃ ቁጥሩ 0.4 የሆነ ሸራ ማስገባት ነው፤ ፔዳሉ እንደነበረው ይቆያል፣ አያያዙ ግን ድንገተኛ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ ባለ ሁለት ሸራ ፍሪሲዮን ነው። በዚህ ጊዜ የሚፋተጉት ገጾች አራት ስለሚሆኑ፣ በዚያው የ0.3 ሸራና በዚያው ስፋት 4,000 ኒውተን ጫና ብቻ 480 ኒውተን ሜትር ይይዛል፤ ፔዳሉም ከፋብሪካው ሊቀልል ይችላል ማለት ነው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የባለ አንድ ሸራውን እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ብዙዎቹም ፔዳል ሲረገጥ ሸራዎቹ ስለሚንቀሳቀሱ የመንቀጫቀጭ ድምፅ አላቸው። አራተኛው፣ ሸራውን ማስፋት፣ ካምቢዮው ቤት ውስጥ ያለው ቦታ ስለሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰብ አይደለም።

በዚህ ብዜት ውስጥ የሚፋተገው ገጽ ስፋት በራሱ እንደሌለ ልብ ይሏል። ባለ ስድስት ቁራጭ ሸራ (በዙሪያው ስድስት ቁራጮች ብቻ የተደረደሩበት) ከሙሉ ክብ ሸራ ያነሰ ገጽ ይዞ የበለጠ ቶርክ መያዝ የሚችለው ስለዚህ ነው። ገጹ ሲቀንስ የሚጎዳው ሙቀትን የመቻል አቅምና ዕድሜ ነው።

የራስን ቁጥር ማወቅ

ፍሪሲዮን የሚመረጠው በቶርክ እንጂ በፈረስ ጉልበት አይደለም። 300 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት መኪናዎች አሉ እንበል። አንዱ ቱርቦ የሌለው፣ ይህን ኃይል በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ የሚሰጥ ነው፤ በዚያ ዙር ላይ ያለው ቶርክ 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ሌላው ቱርቦ ያለው፣ ያንኑ 300 የፈረስ ጉልበት በ4,500 ዙር ላይ የሚሰጥ ነው፤ የዚህኛው ቶርክ 475 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የፈረስ ጉልበታቸው እኩል ቢሆንም ለአንዱ የሚበቃው ፍሪሲዮን ለሌላው ከቶ አይበቃም። ሻጭ «ይህ እስከ 400 የፈረስ ጉልበት ይይዛል» ብሎ ቶርኩን ሳይናገር ካለፈ፣ መልሱ ገና አልተሰጠም።

ቁጥሩ ከየት እንደተለካም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጎማዎቹ እየዞሩ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ የሚለካው ጎማው ላይ የደረሰው ቶርክ ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚሸከመው ግን ሞተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ነው። በፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና መሐል ላይ የሚባክነውን 15 በመቶ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ጎማው ላይ 360 ኒውተን ሜትር የለካ መኪና 360ን በ0.85 ሲያካፍል ፍሪሲዮኑ ላይ ወደ 424 ኒውተን ሜትር እንደሚደርስ ያገኛል። በዚህ ላይ ለመንገድ መኪና ከ20 እስከ 25 በመቶ ትርፍ ቢጨመር ከ510 እስከ 530 ኒውተን ሜትር የሚይዝ ፍሪሲዮን ይበቃዋል። ይህም በአሜሪካ ሻጮች መለኪያ ከ375 እስከ 390 ፓውንድ ፉት ያህል ነው። ትርፉ የሚያስፈልገው ሸራው ሲሞቅ የሰበቃ ቁጥሩ ስለሚወርድ፣ የቱርቦ ሞተርም በቀዝቃዛ ቀን ከዳይኖው ቁጥር የበለጠ ሊሰጥ ስለሚችል ነው።

«ወደፊት ትልቅ ቱርቦ አስገባለሁ» በሚል ሐሳብ ዛሬ 700 ኒውተን ሜትር የሚይዝ ፍሪሲዮን መግዛትን አልደግፍም። ቱርቦው ተገዝቶ ከቤት ውስጥ ካልተቀመጠ በቀር፣ ያ ሰው ለዓመታት በማይጠቀምበት አቅም ምክንያት በየመብራቱ ሲንገጫገጭ ይኖራል። በተጨማሪም የፋብሪካው ፍሪሲዮን ከልክ ያለፈ ጉልበት ሲመጣበት መንሸራተቱ የኋለኞቹን ዕቃዎች የሚጠብቅ ነበር። የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ሲገባ ያ ድንጋጤ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ጥርሶች፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ጎማዎቹን ወደሚያዞሩት አክስሎች ያልፋል። ከሁሉም በጣም ርካሹን ዕቃ ጠንካራ አድርጎ በጣም ውዱን ደካማ ማድረግ ብልህነት አይመስለኝም።

ሸራው ከምን ተሠራ?

ኦርጋኒክ የሚባለው ሸራ ከመስታወት ክርና ከሌሎች ክሮች ተሸምኖ በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ሙቀቱን እንዲያሰራጭም ብዙ ጊዜ የመዳብ ወይም የናስ ሽቦ ይገባበታል። አያያዙ ለስላሳ ነው፤ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ መኪናው ቀስ ብሎ ይነሣል። ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዙን ይቀንሳል፤ እስኪከስል ድረስ ካልተቃጠለ ግን ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ይቅር ባይነቱ ለመንገድ መኪና ትልቅ ዋጋ አለው። ከ420 እስከ 500 ኒውተን ሜትር ለሚደርስ ጎልፍ ጂቲአይ፣ የተጠናከረ ፕሬሸር ፕሌት ያለው ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ ሸራ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኬቭላር (በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) ያለበት ሸራም ለስላሳ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ዕድሜው ከኦርጋኒኩ ይረዝማል። ሁለት ጠባይ አለው፤ የማለማመጃ ጊዜው ረጅም ነው፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ ክፉኛ ከሞቀ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልስና የቀድሞ አያያዙ በቀላሉ አይመለስም። በቀስታ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ነው፤ ከቆመበት ነዳጅ እየሰጠ መወርወር ለሚወድ ሰው አይሆንም።

ሴራሜታሊክ ግን ሌላ ዓለም ነው። የመዳብ፣ የነሐስና የብረት ዱቄት ከሴራሚክ ቅንጣቶች ጋር ተጨምቆና በእሳት ተጋግሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በሸራው ዙሪያ በሦስት፣ በአራት ወይም በስድስት ቁራጭ ይደረደራል። ኦርጋኒኩን በሚያከስል ሙቀት ውስጥ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ወይ ይይዛል፣ ወይ አይይዝም፤ መሐል የለውም ማለት ይቻላል። ፍላይዊሉንም ከኦርጋኒኩ በፍጥነት ይበላል። በሙሉ ክብ ሸራዎች ላይ ከሁለቱ ገጾች መካከል ተጣጥፎ የሚቀመጥ ስስ የብረት ሞላ አለ፤ ሸራው ሲጨመቅ ቀስ እያለ የሚተኛው ይህ ሞላ ነው የመኪናውን አነሣሥ የሚያለሰልሰው። በብዙዎቹ የቁራጭ ሸራዎች ላይ ይህ ሞላ የለም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረኝ ቱርቦ መኪና ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት፣ አንድ ሻጭ «ይህን ካስገባህ ዳግመኛ አታስበውም» ብሎ ባለ ስድስት ቁራጭ፣ መሐሉ ላይ ሞላ የሌለው ሸራ ሰጠኝ። መኪናው ያን ጊዜ ከ420 ኒውተን ሜትር አይበልጥም ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ደለስ አየር ማረፊያ ተቀብያት በ66 አውራ ጎዳና ስንመለስ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ መጨናነቅ ውስጥ ገባን። መኪናው ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር እንደተገፋ ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። እናቴ አንድ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ ይህ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያንገጫግጨን?» አለችኝ። ከ17 ሰዓት በላይ በአውሮፕላንና በአየር ማረፊያ ያሳለፈች ሰው ናት። ግራ ጉልበቴም እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን አውጥቼ ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ ሸራ ከጠንካራ ፕሬሸር ፕሌት ጋር አስገባሁ፤ አንድም ቀን አልተንሸራተተም። ካምቢዮ የማውረጃውን የእጅ ዋጋ ግን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤ ከዕቃው ይልቅ የሚያስቆጨውም ይህ ነው።

ፍላይዊሉ

ብዙ ሰው ስለ ሸራው ለወራት ያነብና ስለ ፍላይዊሉ በአንድ ቀን ይወስናል። በጎልፉና በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ግን ከባዱ ውሳኔ ይኸኛው ነው። የፋብሪካው ፍላይዊል ሁለት የተለያዩ ከባድ ክብ ብረቶች ያሉት ሲሆን፣ በመሐላቸው በቅባት ውስጥ የተኙ ረጃጅም የታጠፉ ሞላዎች አሉ። የጀርመኑ ሉክ ኩባንያ በ1985 በብዛት ማምረት የጀመረው ዓይነት ነው። ሞተሩ እያንዳንዱ ሲሊንደር በተኮሰ ቁጥር የሚሰጠውን ምት ሞላዎቹ ይውጡታል፤ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው ዙር የተስተካከለ ይሆናል።

ጉልበት ሲጨመር፣ በተለይ በዝቅተኛ ዙርና በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ ወለሉ ሲረገጥ፣ እነዚያ ሞላዎች እስከ መጨረሻቸው ተጨምቀው ብረት ከብረት ይጋጫል። ፍላይዊሉ የሚያረጀው እንዲህ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች አውልቀው በባለ አንድ ብረት ይለውጡታል። የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ የሚሰበር ሞላ የለም፣ ፊቱ ሲጎዳ በማሽን ሊላግ ይችላል፣ ክብደቱ ከቀነሰም ሞተሩ ዙር ለማንሣትም ለመጣልም ይፈጥናል። ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ማርሹ ነጻ ሆኖ ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ሲዞር ከካምቢዮው ውስጥ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ይጠፋል። ያልተጫኑ ጥርሶች ከሞተሩ ምት ጋር እርስ በርስ ሲንኳኩ የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ግን በየመብራቱ ከእርስዎ ጋር ነው። በጣም የቀለለ ፍላይዊል ደግሞ የተጠራቀመ ዙር ስለሌለው መኪናው በሚነሣበት ጊዜ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፤ ዳገት ላይ ኤር ኮንዲሽነር ተከፍቶ ሲነሣ ይህ በደንብ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሳይታወቅ የሚፈጸም ስህተት አለ። የንዝረት መምጠጫው ፍላይዊሉ ውስጥ ስላለ፣ ለባለ ሁለት ብረት ፍላይዊል የተሠራ ሸራ መሐሉ ላይ ሞላ ላይኖረው ይችላል። ያንኑ ሸራ በባለ አንድ ብረት ፍላይዊል ላይ መግጠም ማለት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ምንም ዓይነት ምት ዋጭ አለመኖር ማለት ነው። ባለ አንድ ብረት ፍላይዊል የሚገጥም ሰው መሐሉ ላይ ሞላ ያለውን ሸራ ይግዛ፤ ለመንገድ መኪና በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

መኪናው ለቤተሰብ የሚያገለግል ከሆነና ቶርኩ 450 ኒውተን ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ እኔ የፋብሪካውን ዓይነት ባለ ሁለት ብረት ፍላይዊል አዲሱን ገዝቼ ከተጠናከረ ፍሪሲዮን ጋር አስገጥመዋለሁ። እንደ ሳክስ ያሉ አምራቾች ለዚህ የሚሆን ዕቃ ይሠራሉ። ከ3,000 ዙር በታች በአምስተኛና በስድስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ላለመስጠት ራሱን የሚገዛ ነጂ ይህን ፍላይዊል ብዙ ጊዜ ያቆየዋል። ሞተሩን ደጋግሞ ወደ ከፍተኛ ዙር ለሚወስድ ሰው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ያረጀ ወይም ከልክ በላይ የተላገ የብረት ፍላይዊል በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል፣ ቁራጮቹም የካምቢዮውን ቤት በስተው ሊወጡ ይችላሉ። የኤስኤፍአይ (የእሽቅድምድም ዕቃዎችን የደህንነት መለኪያ የሚያወጣ ድርጅት) 1.1 ምልክት የታተመበት ፍላይዊል ለዚህ ተብሎ በወጣ መለኪያ መሠረት የተፈተነ ነው።

«ስቴጅ» የሚለው ቁጥር

ሻጮች ፍሪሲዮናቸውን ስቴጅ 1፣ ስቴጅ 2፣ ስቴጅ 3 እያሉ ይጠሩታል። ይህን ቁጥር የሚወስን አንድም የጋራ መለኪያ የለም። የአንዱ አምራች ስቴጅ 2 ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ ሲሆን የሌላው ስቴጅ 2 ኬቭላር፣ የሦስተኛው ደግሞ ባለ ስድስት ቁራጭ ሴራሜታሊክ ሊሆን ይችላል። የሞተር ፕሮግራም ሻጮችም ተመሳሳይ ቃል ስለሚጠቀሙ «ሞተሬ ስቴጅ 2 ስለሆነ ፍሪሲዮኑም ስቴጅ 2 ይሁን» የሚል ሰው ብዙ አለ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን ከስማቸው በቀር አይገናኙም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አምራቹ የሚይዘውን ቶርክ በቁጥር እንዲነግርዎ፣ ቁጥሩ ጎማ ላይ ይሁን ሞተር ላይ እንዲለይ፣ የፕሬሸር ፕሌቱ ጫና ከፋብሪካው በስንት በመቶ እንደጨመረ፣ ሸራው ከምን እንደተሠራና መሐሉ ላይ ሞላ እንዳለው፣ ለየትኛው ፍላይዊል እንደተሠራ ይጠይቁ። እነዚህን በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ቢርቁት ይሻላል።

ስለ ፔዳሉም ይጠይቁ። የጫናው መጨመር የሚያርፈው በእግር ላይ ብቻ አይደለም። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ያ ኃይል ፕሬሸር ፕሌቱን በሚገፋው ኩሽኔታ በኩል አልፎ ኮሎውን ወደ ፊት ይገፋል፤ የሚሸከመው ኮሎውን ከፊትና ከኋላ የሚይዘው ስስ ብረት ነው። ጠንካራ ፕሬሸር ፕሌት ያስገባ ሰው ቀይ መብራት ላይ ፔዳሉን ረግጦ ከመጠበቅ ይልቅ ማርሹን ነጻ አድርጎ እግሩን ያንሣ።

ሲገጠም

በጎልፉ ላይ ፔዳሉን የሚታዘዘው የዘይት ሲሊንደርና ኩሽኔታው አንድ ላይ ሆነው ካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ይህ ዕቃ ከስድስት ወር በኋላ ዘይት ቢያንጠባጥብ ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት፤ አዲሱም ሸራ በዘይት ይበላሻል። ስለዚህ ቢሠራም ባይሠራም በዚያው ጊዜ ይቀየር፤ የኮሎው የኋላ ጎሚኒም እንዲሁ። ፍላይዊሉን የሚያስሩት ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ስለሆኑ አሮጌዎቹ ተመልሰው አይገቡም።

አሮጌው ፍሪሲዮን ሲወጣ የሚገኘውን ዱቄት በአየር ግፊት አይንፉት። ዕድሜ ጠገብ መኪና ላይ ከሆነ ሸራው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ አዲስም ቢሆን ለሳንባ የሚበጅ ዱቄት አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይገባል። የፍላይዊሉና የፕሬሸር ፕሌቱ ፊት ከፋብሪካ ሲመጡ ከዝገት የሚጠብቅ ስስ ዘይት ስላለባቸው በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ እስኪደርቁ ይታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ በጣት እንኳ አይነኩ። የካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ የሚቀባው ግሪስ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሸራውን አንድ ጊዜ ዘንጉ ላይ አስገብቶ ማንሸራተትና በጠርዙ የተገፋውን ትርፍ ግሪስ መጥረግ በቂ ነው። የቀረው ግሪስ ሲሽከረከር ሸራው ላይ ይረጫል።

ሸራው ላይ «ወደ ፍላይዊል» የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ ተገልብጦ ከገባ መሐሉ ከፍላይዊሉ ቡሎኖች ጋር ሊጋጭ ይችላል። የፕሬሸር ፕሌቱ ቡሎኖች አንዱ ሙሉ በሙሉ ጠብቆ ወደ ሌላው አይታለፍም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ እያንዳንዳቸው በጥቂት ዙር ይጠብቃሉ፤ አለዚያ ሽፋኑ ይጣመማል። ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ካምቢዮው ሲገባ ነው። ዘንጉ ሸራው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ቡሎኖቹ ገና ሳይያዙ፣ የካምቢዮው ክብደት በዘንጉ ላይ ለአፍታ እንኳ ሊንጠለጠል አይገባም። ያ ክብደት የሸራውን መሐል ያጣምመዋል። የተጣመመ ሸራ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦም አይላቀቅም፤ ማርሽ፣ በተለይም የኋላ ማርሽ፣ እየተጋጨ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን የአምራቹ ጥፋት አድርጎ ዕቃውን ይመልሳል።

ማለማመድ

አዲስ ሸራና አዲስ ፍላይዊል ፊት ለፊት ሲገናኙ ሙሉ በሙሉ አይነካኩም፤ ከፍታ ያላቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው የሚገጥሙት። በዚህ ጊዜ ሙሉ ጉልበት ከተላከባቸው እነዚያ ጥቂት ነጥቦች ብቻቸውን ይቃጠላሉ። ብዙ አምራቾች 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በከተማ ውስጥ በሚቆምና በሚነሣ አነዳድ እንዲለማመድ ይጠይቃሉ። «በከተማ ውስጥ» የሚለው ቃል ዋናው ነገር ነው፤ በአውራ ጎዳና ላይ በስድስተኛ ማርሽ 800 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ፍሪሲዮኑ ተረግጦ የተለቀቀው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ገና አልተለማመደም። በእነዚህ ቀናት ከግማሽ በላይ ነዳጅ አይሰጥም፤ ዳገት ላይም መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም ክልክል ነው። የሞተሩ ፕሮግራም ወደ ፋብሪካው መመለስ የሚችል ከሆነ ለዚህ ጊዜ መመለሱ ጥሩ ነው፤ በስልክ ወይም በኬብል በጥቂት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ቀላል ሽታና ሲነሣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ቢኖር አያስደንግጥ። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ3,500 ዙር በላይ ይጀመር። አራተኛና አምስተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ በጣም የሚጨነቅባቸው፣ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ይቆዩ።